ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወትና ስለ ልጆቻቸው ሞት

፩

ሰው ዘመዱ በሞተበት ጊዜ ማልቀሱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ዕንባ የፍቅር ምስክር ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። በሀገራችን ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ሥራውን ትቶ ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሐዘንተኛውም ብቻውን እንዳይሆን ሰዎች አብረውት ያድራሉ። ከዚያም በኋላ አርባው፥ ሰማንያውና ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው።

ነገር ግን ድንኳኑ ተነቅሎ፥ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሐዘንተኛው ከራሱ ጋራ ብቻውን ይቀራል። በዚያን ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይመጣበታል። አንደኛው፥ የሞተው ሰው በዚህ ዓለም ኖሮ ምን ትቶ እንደ ሄደ ነው። ሁለተኛውም፥ በሕይወት የቀረው ሰው በተረፈው ዕድሜ ምን መሥራት እንደሚገባው ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች በቃል መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ በሥራ መመለስ ግን ከባድ ነው።

በሥራ ከመለሱት ሰዎች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እኒህ ሰው ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለዩ፤ ከሸመገሉም በኋላ ሁለት ልጆቻቸውን በጠላት እጅ አጡ። ታሪካቸው ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሕንድና ወደ በርማ ይሄዳል፤ የልጆቻቸውም ታሪክ በሆለታና በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ ከሚወስደው መንገድ ጋራ የተያያዘ ነው። ስለዚህ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚማሩ ልጆች ይህን ታሪክ ቢያውቁት ይጠቀማሉ።

፪

ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ግድም በጎንደር አገር ተወለደ። ዘመኑ አፄ ቴዎድሮስ የነገሡበት ዘመን ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ መሳፍንት ተከፋፍለው ይገዙት የነበረውን አገር አንድ ለማድረግ ብዙ ደክመው ነበር። በኋላ ግን ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ተጣሉ፤ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎችንም ፈረንጆች አስረው በመቅደላ አምባ አኖሯቸው። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት ጄኔራል ናፒየር የሚባለውን የጦር አለቃ ከብዙ ሠራዊት ጋራ ላከ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ። አፄ ቴዎድሮስም በጠላት እጅ ከመውደቅ ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ።

አምባው በተያዘ ጊዜ በላዩ የነበረው ሕዝብ ተሸበረ። ሰው ሁሉ ነፍሱን ለማዳን ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ፥ እናት ከልጇ፥ ወንድም ከወንድሙ ተለያየ። ወርቅነህ በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ሕፃን ነበረ። በዚህ ሽብር ውስጥ ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን አዝኖለት ወሰደው። ጦሩም በተመለሰ ጊዜ ብላቴናው ባሕር ተሻግሮ ወደ ሕንድ አገር ሄደ።

እንግዲህ ይህን ነገር አስተውሉ። ሕፃኑን ከወላጆቹ የለየው የእንግሊዝ ጦር ነበረ፤ ሕፃኑንም ከሞት ያተረፈው ከዚያው ጦር ውስጥ የተገኘ ሰው ነበረ። በጦርነት ጊዜም እንኳ ርኅራኄ ፈጽሞ አይጠፋም። አንድ ሰው በመንገድ ላይ ለሚያለቅስ ልጅ ያዘነው ሐዘን ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ ግን በዚያች ቀን ሊያውቅ የሚችል ማንም አልነበረም።

፫

ብላቴናው በሕንድ አገር ሲያድግ ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን ደግሞ የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ከሁለቱ መኮንኖች ስም ተወስዶም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ተማሪ ቤት ገብቶ ማንበብና መጻፍ ተማረ። አማርኛን የሚናገረው ሰው ስላልነበረ የእናቱን ቋንቋ ፈጽሞ ረሳ። ወላጆቹ ያወጡለትንም ስም አያውቅም ነበር። ነገር ግን የሐበሻ ልጅ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ወላጅ የሌለው ልጅ ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው መንገድ በዕድሉ እያማረረና ሰውን ሁሉ እየጠላ መኖር ነው። ሁለተኛው መንገድ የተሰጠውን ጥቂት ነገር ተቀብሎ በእርሱ መትጋት ነው። ብላቴናው ሁለተኛውን መረጠ። ትምህርቱን በትጋት ስለ ተከተለ በላሆር ከተማ ወደሚገኘው የሕክምና ተማሪ ቤት ገባ። በዚያም ተምሮ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሐኪም ሆነ። ከዚህም በኋላ ወደ እስኮትላንድ ሄዶ ዕውቀቱን አስፋ፤ ተመልሶም በበርማ አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሐኪምነት አገለገለ። በዘመናዊ ሕክምና ተምሮ ሐኪም የሆነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል።

በበርማ ሳለ ኑሮው የተደላደለ ነበረ። ደመወዙም ክብሩም አልጐደለበትም። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በዓድዋ ላይ የኢጣልያን ጦር ድል አደረገ። ይህ ወሬ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በበርማ ለሚኖረውም ሐኪም ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አገሩን ለማየትና ወገኖቹን ለመርዳት ቈረጠ። በ1890ዎቹ ዓመታት መጀመሪያም ረጅሙን መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ።

፬

ሐኪሙ በአዲስ አበባ በሽተኞችን ያለ ዋጋ ማከም ጀመሩ። ሕፃን ሳለ ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ሐበሻ ሐኪም ሆኖ መምጣቱ በከተማውና በየአገሩ ተወራ። ይህንም ወሬ ከሰሙት ሰዎች አንዲት አሮጊት ነበሩ። እኒህ አሮጊት በመቅደላ የጠፋ የልጅ ልጅ ነበራቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል አልፏል፤ እርሳቸው ግን አልረሱትም። ወደ ሐኪሙ መጥተው የልጅ ልጃቸው በሕፃንነቱ በገላው ላይ የቀረበትን ጠባሳ ተናገሩ። ቢታይም ጠባሳው በተናገሩት ቦታ ተገኘ።

አያቲቱ የጠፋውን ልጃቸውን አገኙ፤ ሐኪሙም የጠፋውን ስማቸውን አገኙ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቻርልስ ማርቲን ይባሉ የነበሩት ሰው ወርቅነህ እሸቴ መሆናቸውን ዐወቁ። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳይረሱት ቢቀሩ፥ የጠፋው ሰው ስሙንና ዘመዱን መልሶ ለማግኘት ቻለ። ስለዚህ የዘመድ መታሰቢያ ከንቱ ነገር አይደለም።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚህ በኋላ ሁለቱን ነገር አስተባብረው ያዙ። ያሳደጓቸውን ሰዎች ስም አልጣሉም፤ የወለደቻቸውንም አገር አልረሱም። ጥቂት ጊዜ ወደ በርማ ሥራቸው እየተመለሱ፥ ጥቂት ጊዜም ወደ ኢትዮጵያ እየመጡ ቆዩ። አፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላም የበርማን ሥራ ፈጽመው ወደ ኢትዮጵያ ጠቅልለው ገቡ።

፭

ሰው በሃምሳ ዓመት ዕድሜው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ዐርፎ ቢቀመጥ የሚነቅፈው የለም። ሐኪም ወርቅነህ ግን ትልቁን ሥራቸውን የጀመሩት በዚህ ዕድሜ ነው። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ በበላይነት እንዲጠብቁት ተሾሙ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት እንዲሰጥ ደከሙ። ሕፃን ሳሉ አማርኛን ረስተው የነበሩት ሰው፥ ቋንቋውን እንደ ገና ተምረው፥ የኢትዮጵያ ልጆች ስለ ዓለም አገሮች እንዲያውቁ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ።

ይህን ያደረጉበትን ምክንያት መገመት አይቸግርም። እርሳቸው በሕፃንነታቸው ሜዳ ላይ ወድቀው ቀርተው ነበር። ያነሣቸው የሌላ ሰው ርኅራኄ ነው፤ ሰው ያደረጋቸውም ትምህርት ነው። ያሳደጓቸው መኮንኖች ብድራቸውን እንዲመልሱላቸው አልጠበቁም። ስለዚህ ሐኪም ወርቅነህ የተቀበሉትን ቸርነት ለሰጧቸው ሰዎች ሳይሆን፥ ትምህርት ላጡት ለኢትዮጵያ ልጆች ከፈሉ። መልካም ሥራ እንደ ዘር ነውና፥ ከተቀበሉበት እርሻ በሌላ እርሻ ቢዘሩትም ይበቅላል።

በ1920 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ወደ አሜሪካ አገር ላካቸው። የተላኩበትም ጉዳይ በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ ለመሥራት ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋራ ለመነጋገር ነበር። በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም በሚባለው ሰፈር የሚኖሩትን ጥቁር አሜሪካውያን ጐብኝተው፥ የእጅ ሥራና ልዩ ልዩ ጥበብ ያላቸው ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዟቸው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላም የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። በአሰበ ተፈሪ ከተማ ተቀምጠው፥ መንገድ እንዲሠራ፥ ፍርድና ግብርም በሥርዓት እንዲሆን እያደረጉ፥ አውራጃው ለሌሎች አውራጃዎች አብነት እንዲሆን ደከሙ።

ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በዚህ መንፈስ ነው። ዮሴፍና ቢንያም የሚባሉትን ሁለቱን ወንዶች ልጆች ወደ እንግሊዝ አገር ልከው የምህንድስና ትምህርት እንዲማሩ አደረጉ። በዚያን ዘመን መሐንዲስ የሆነ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቈጠር ነበር። ድልድይ የሚሠራ፥ መኪና የሚያድስ፥ መንገድ የሚቀይስ ሰው ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማች ለአባታቸው ብቻ ሳይሆኑ ለአገራቸውም ተስፋ ነበሩ።

፮

በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውጋት ስትዘጋጅ፥ ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ሆነው ሄዱ። በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ። ጠላት በአውሮፕላን ቦምብ ይጥል ነበር፤ የመርዝ ጋዝም ይረጭ ነበር። እርሳቸውም የእንግሊዝ ሕዝብ የኢትዮጵያን መበደል እንዲያውቅ እያስረዱ፥ ለቍስለኞች መድኃኒትና ገንዘብ እንዲሰጥ እየለመኑ ደከሙ። ሁለቱ ልጆቻቸው ግን በእንግሊዝ አገር በሰላም መቀመጥን አልወደዱም። አገራቸው በተወጋች ጊዜ ተመልሰው ሊያገለግሏት መጡ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ሆለታን፥ አዲስ ዓለምን፥ ጊንጪን፥ አምቦን፥ ጉደርን፥ ጌዶንና ባኮን አልፎ ነቀምቴ ይደርሳል። በሆለታ ገነት በ1927 ዓ.ም. የተከፈተ የጦር ትምህርት ቤት ነበረ፤ ከስዊድን አገር የመጡ መኮንኖችም የኢትዮጵያን ወጣቶች የጦር ትምህርት ያስተምሩበት ነበር። ዋናው ከተማ በተያዘ ጊዜ ከሆለታ ተማሪዎችና በውጭ አገር ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄዱ። በወለጋም ተሰብስበው ጥቁር አንበሳ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ዮሴፍና ቢንያምም ከማኅበሩ ሰዎች ጋራ ተቈጠሩ።

የጥቁር አንበሳ ማኅበር መተዳደሪያ ሕግ ነበረው። በዚያ ሕግ ገበሬውን መበደል ክልክል ነበር፤ የተማረከውንም ጠላት ማሠቃየት ክልክል ነበር። እነዚህ ወጣቶች አገራቸው በግፍ ተይዛባቸው፥ ስንቃቸው አልቆባቸው፥ ወደ ጫካ የገቡ ነበሩ። የድኻውን በሬና እህል መንጠቅ ለጦረኛ በቀለለበት ሰዓት ግን ራሳቸውን በሕግ አሰሩ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ በሚባል ስፍራ ባረፉ ጊዜ፥ የማኅበሩ ሰዎች በሌሊት አደጋ ጥለው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከጠላት የጦር አለቆችም አንደኛው ጄኔራል ማሊዮኮ በዚያ ሞተ።

ከዚህ በኋላ ልዑል ራስ እምሩ የማኅበሩ መሪ ሆኑ። ነገር ግን የጠላት ጦር በዛ፤ ጥይትና ስንቅ አለቀ፤ መንገዱም ተዘጋ። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቈሰለ እንጂ አልሞተም። ስለዚህ ጠላት በከተማው ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ በቀሉን ተወጣ። ቤቱ ከነሰዉ ተቃጠለ፤ ሽማግሌ፥ ሴትና ሕፃን ሳይለይ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተገደለ። ከሁሉም ይልቅ የተማሩት ወጣቶች ለአገር መነሣት ምክንያት ይሆናሉ ተብለው እየተፈለጉ ተገደሉ። ዮሴፍና ቢንያም ወርቅነህም ከተገደሉት መካከል ነበሩ።

፯

ልጅ አባቱን ይቀብራል እንጂ አባት ልጁን አይቅበር ተብሎ በሀገራችን ይመረቃል። ለሐኪም ወርቅነህ ይህ ምርቃት አልደረሳቸውም። ልጆቻቸውን ቆመው ለመቅበር እንኳ አልታደሉም። በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸው በሰው አገር ነበሩ። ድንኳን ጥሎ የሚያስለቅስ ጎረቤት፥ ንፍሮ ቀቅሎ የሚያመጣ ዘመድ በአጠገባቸው አልነበረም። ይህ ሐዘን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህም ሌላ ሐዘኑ መራራ የሚሆንበት ምክንያት ነበረ። ልጆቹን ያስተማሩ እርሳቸው ነበሩ፤ ልጆቹም የተገደሉት ስለ ተማሩ ነው። ባይማሩ ኖሮ፥ ወይም በእንግሊዝ አገር ቢቀሩ ኖሮ፥ በሕይወት በኖሩ ነበር። እንግዲህ አባት ለልጁ የሰጠው መልካም ነገር ለልጁ ሞት ምክንያት ቢሆን፥ ያ መልካም ነገር መልካም መሆኑ ይቀራልን? ይህ ጥያቄ ለሊቃውንትም ከባድ ነው። ሆኖም ልጆቹን የገደለ ትምህርት አይደለም፤ የገደላቸው ግፈኛ ነው። ግፈኛ የሚፈራውን ነገር ያጠፋል። የተማሩትን ልጆች መርጦ መግደሉም፥ ትምህርት ለአንድ አገር ምን ያህል ኃይል እንደ ሆነ ራሱ ጠላት መመስከሩ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ የስደታቸውን ዘመን በሕንድ አገር ኖሩ። ከመቅደላ ተወስደው ወላጅ አልባ ሆነው ያደጉባት አገር፥ በሽምግልናቸው ደግሞ ልጆቻቸውን ያጡ ስደተኛ ሆነው የተቀመጡባት አገር ሆነች። ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፥ በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. ሰማንያ ሰባት ዓመት ያህል ኖረው አረፉ።

የተዉት ቅርስ ብዙ ነው። ከቅርሳቸውም አንዱ የቀን ማስታወሻቸው ነው። ሐኪም ወርቅነህ በየቀኑ ያዩትንና የሠሩትን እየጻፉ ለብዙ ዓመታት የማኖር ልማድ ነበራቸው። ይህም ጽሑፍ ስለ ጠበቀ የታሪክ ሊቃውንት ስለዚያ ዘመን ብዙ ነገር ዐወቁበት፤ የእርሳቸውም የሕይወት ታሪክ ከሞቱ ከስድሳ ዓመት በኋላ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም.፥ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ታተመ። በየዕለቱ የሚጻፍ ጥቂት መስመር ሲጻፍ የሚያስደንቅ አይመስልም። ሲጠራቀም ግን የአንድ ዘመን ምስክር ይሆናል።

ለዮሴፍና ለቢንያምም መታሰቢያ አልጠፋላቸውም። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ አደባባይ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆሞአል። በየዓመቱ በዚያች ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ አበባ ያኖራል። በሐውልቱ ሥር የሚታሰቡት መቃብራቸው የታወቀና ያልታወቀ፥ የተማሩና ያልተማሩ፥ ባለጠጎችና ድኾች ሁሉ ናቸው።

፰

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምትማሩት ነገር አለ። ተዝካር ማውጣት መልካም ነው፤ ድኻ ይበላበታልና። ነገር ግን የተዝካር እንጀራ በአንድ ቀን ያልቃል፤ በሟቹ ስም የሚሠራ መልካም ሥራ ግን ዕድሜ አለው። ሐኪም ወርቅነህ ወላጆቻቸውን ባጡ ጊዜ ተማሩ፤ ተምረውም የሰው ልጆችን አስተማሩ። የወለዷቸው ልጆች ቢሞቱባቸውም፥ ትምህርት እንዲያገኙ የደከሙላቸው የሌሎች ሰዎች ልጆች አድገው የልጅ ልጅ አዩ። አንድ ሰው ለራሱ ቤት ብቻ የሠራ እንደ ሆነ ቤቱ ሲፈርስ ሥራው አብሮ ይፈርሳል፤ ለብዙ ሰው የሠራ እንደ ሆነ ግን አንድ ቤት ቢፈርስ ሌላው ይቆማል።

ከእናንተም መካከል አባቱ ወይም እናቱ፥ ወንድሙ ወይም እኅቱ የሞተበት ይኖራል። በአምቦም ሆነ በጊንጪ፥ በጌዶም ሆነ በባኮ፥ ሐዘን የማይገባበት ቤት የለም። አንዳንድ ልጅ ከሐዘኑ ብዛት የተነሣ ትምህርት ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል ብሎ ደብተሩን ይጥላል። ሌላውም አባቱ ከሞተ በኋላ የሚያዘው ሰው እንደሌለ ቈጥሮ በከተማ መንገድ ይዞራል። ይህን የሚያደርግ ልጅ የሞተውን አባቱን ሁለተኛ ጊዜ ያጣዋል። አባት በልጁ ላይ የነበረው ተስፋ ከአባት በኋላ የሚኖረው በልጁ ብቻ ነውና።

ስለዚህ በሐዘን ጊዜ አልቅሱ፤ ማልቀስ ነውር አይደለም። የሞተውን ዘመዳችሁን ስሙን አትርሱ፤ አያቲቱ የልጅ ልጃቸውን ሠላሳ ዓመት እንዳልረሱት አስቡ። ከዚያም ተነሥታችሁ ፊታችሁን ታጠቡና ሟቹ ጀምሮት የቀረ ሥራ እንዳለ ጠይቁ። እርሻው ዳዋ እንዳይለብስ እረሱት፤ ታናሽ ወንድሙን ፊደል አስቈጥሩት፤ የተበደረውን ክፈሉለት፤ የተጣላውን አስታርቁለት። በጎረቤትም አባትና እናት የሌለው ልጅ ካለ ከማዕዳችሁ አቅርቡት። በመቅደላ ሜዳ ላይ የሚያለቅስ አንድ ሕፃን ተነሥቶ ምን እንደ ሆነ ሰምታችኋል፤ በደጃችሁ የሚያለቅሰው ልጅም ነገ ምን እንደሚሆን አታውቁምና።